አቀንጭራው ከማበቡ በፊት

እህቴ፣ የተመደብሽበት ቀበሌ ወደ ተከዜ የሚወርደው የማሽላ አገር መሆኑን ስሰማ፣ ስለ አረም ቁጭ ብለን ማውራት እንዳለብን ወዲያው ታየኝ። ኮሌጅ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ተባይ ብዙ አስተምረውሻል። አረም የያዘው ቦታ አንድ ምዕራፍ ቢሆን ነው። አበርገሌና ዝቋላ ላይ ግን ገበሬው፣ ይልቁንም ሚስቱና ልጆቹ፣ ሐምሌንና ነሐሴን የሚጨርሱት እዚያች ምዕራፍ ውስጥ ነው። ማሳ ስትወርጂ መጀመሪያ የሚጠይቁሽም ስለ ምርጥ ዘር አይሆንም። ወይን ጠጅ አበባ ያላትን አቀንጭራ ነቅለው ያሳዩሽና «ይቺን ምን ብናደርጋት ይሻላል?» ይሉሻል። ወደ እሷ እመጣለሁ። ከዚያ በፊት ግን ስለ ጊዜው ልንገርሽ።

ዋግ ኽምራ ላይ ዝናብ ዘግይቶ ይገባል፣ ቶሎም ይወጣል። ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ጀምሮ ጳጉሜ ሳይደርስ የሚያቆምበት ዓመት ብዙ ነው። ስለዚህ አረም እዚህ ከሁሉ በፊት የሚሻማው ውሃውን ነው። ማሽላው ሥሩን ወደ ታች ሳይሰድ አረሙ የላይኛውን እርጥበት ይመጥጠዋል፤ ዝናቡ ሲቋረጥ ደግሞ ማሽላው ፍሬ የሚሞላበት ውሃ አያገኝም። በዚያን ጊዜ አረሙን ብትነቅይው የጠጣውን አይመልስም። የመጀመሪያው ወር ላይ አጥብቀሽ እንድትይዢ የምለምንሽ ለዚህ ነው። ማሽላው ከበቀለ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሳምንት ሲሞላው የመጀመሪያው አረም ይታረም፤ ሁለተኛው ከዚያ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ይቀጥል። ጤፍ ከሆነ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ሲሞላውና ግንድ ማብዛት ሲጀምር ነው። ጤፉና የሣር አረሙ ሕፃን ሳሉ ስለሚመሳሰሉ በዚያ ዕድሜ የሚለያቸው የለመደ ዓይን ብቻ ነው። የማትለይው ቡቃያ ሲያጋጥምሽ ማሳው ውስጥ ከሚያርሙት እናቶች አንዷን ጠይቂ። በኽምጣኛ ስሙን ይነግሩሻል፤ ጻፊው። አረም ለይቶ የማያውቅ ባለሙያ ምክሩን ማን ይሰማዋል?

«አረሙ ትንሽ ይደግ እንጂ፤ ላሚቱ ምን ትበላለች?» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። እባክሽ አትቆጪው። ሐምሌ ያለፈው ዓመት ገለባና አገዳ አልቆ ግጦሹ ገና ያልጠና ወር ነው፤ ከማሳ የወጣ አንድ ሸክም አረም ለዚያ ቤት ወተት ነው፣ የእርሻ በሬ ጉልበትም ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ማሳህን አጽዳ» ብለሽ ብቻ ከሄድሽ ችግሩን አልሰማሽውም ማለት ነው። ይልቅ ማሳውን ከፍለሽ አሳዪው። በእርከኑ ጠርዝና በድንበሩ ላይ የሚበቅለው ሣር ለመኖ ይደግ፤ ዘር ከመያዙ በፊት ይታጨድ። ማሽላው መካከል ያለው ግን ገና ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጣ ይውጣ። አነስተኛ አረም ለመኖ ባይበቃም ለማረም ቀላል ነው፤ ጉልበት የሚደርስ አረም የሚፈጀው ጉልበት ደግሞ ከሚሰጠው መኖ ይበልጣል። ይህን ገበሬው ራሱ ያውቀዋል። የቸገረው የዕለት መኖው ስለሆነ መፍትሔ ይዘሽለት ሂጂ።

መኮትኮቻ ይዘሽ ከኋላሽ ቆሜ ባይሽ መጀመሪያ የምልሽ «ጠለቅሽ» ነው። አዲስ ሰው ሁሉ ያጠልቃል፤ ጠንክሮ የሠራ ይመስለዋል። የማሽላው መጋቢ ሥሮች ብዙዎቹ ከላይ ከላይ የተዘረጉ ስለሆኑ መኮትኮቻሽ ከሁለት ሦስት ጣት በላይ ሲገባ ትቆርጫቸዋለሽ። ከታች ተኝቶ የነበረውን የአረም ዘርም ወደ ብርሃን ታወጪዋለሽ፤ አፈሩ የያዘውን እርጥበትም ለፀሐይ ትከፍቺዋለሽ። የመኮትኮቻውን አፍ አግድም አድርገሽ አረሙን ከአንገቱ ሥር ቁረጪው፣ አፈሩን አላላዪው፣ እለፊ። ግንዱ አጠገብ ስትደርሺ መሣሪያውን አስቀምጪና በእጅሽ ንቀይ። አፈሩ ገና ጭቃ ሳለ አትግቢ። እግርሽ ይጠቀጥቀዋል፣ የተነቀለውም አረም እርጥብ አፈር ላይ ወድቆ ሥር ይሰዳል። ጠዋት ጤዛው ሲነሳ ታርሞ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው አረም ማታ ላይ ደርቆ ታገኚዋለሽ። ሰማዩ ከደመነ ግን እዚያው አትተዪው፤ ተሰብስቦ ይውጣ።

ሰርዶ የተለየ ነው። በክረምት ሰርዶን መቆራረጥ ማብዛት ነው፤ እያንዳንዷ አንጓ እንደገና ትበቅላለች። ሰርዶ የሚሸነፈው በበጋ ነው። ሰብሉ እንደተነሳ መሬቱ ገና ትንሽ እርጥበት ሳለው ታርሶ፣ ሥሩ ተገልብጦ፣ ፀሐይ ሲያደርቀው ይሞታል፤ የቀረውም ይለቀማል። ለጤፍ መሬቱን ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ የሚያርሱት አባቶች በከንቱ አልደከሙም፤ እያንዳንዱ እርሻ አንድ ዙር የበቀለ አረም ይገለብጣል። ጥንድ በሬ የሌለው ቤት ግን አንዴ አርሶ ይዘራል፤ ነሐሴ ላይ በዚያ ማሳ የምታዪው አረም ከስንፍና የመጣ እንዳይመስልሽ።

ሽልሻሎን፣ የበቀለ ማሽላ መካከል በበሬ ማረስን፣ ከገበሬው ተማሪ። ከዚህ የሚበልጥ የአረም መሣሪያ ለዚህ አገር እስካሁን አላየሁም፤ ይህን የምለው ከውጭ የመጡትን የሚገፉ የእጅ ማረሚያዎች ጭምር አይቼ ነው። ማሽላው ጉልበት አካባቢ ሲደርስ በሬዎቹ ቡቃያውን እንዳይበሉ አፋቸው ተሸፍኖ ይጠመዳሉ። አራሹ ማረሻውን በሙሉ ክብደቱ አይጫነውም፤ እርፉን ቀለል አድርጎ ይዞ ይመራዋል። ማረሻው መካከሉን ይሰነጥቃል፣ ሁለቱ ድግሮች አፈሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ገፍተው የማሽላው ግርጌ ላይ ይቆልሉታል። መካከል ያለው አረም ይነቀላል፣ ግንዱ ሥር ያለው ትንሽ አረም ይቀበራል፣ የበዛው ቡቃያ ይሳሳል፣ ትልሙም የቀጣዩን ዝናብ ይይዛል። ከኋላ አንዲት ሴት ወይም አንድ ልጅ እየተከተለ አፈር የተጫነውን ቡቃያ ቀና ያደርጋል፣ የተነቀለውን ለከብት ይሰበስባል። በአንድ ማለፍ ስንት ሥራ እንደተሠራ ቆመሽ ተመልከቺ። አንቺ የምትጨምሪው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ትልሙ ሁልጊዜ ተዳፋቱን አቋርጦ እንዲሄድ ማድረግ ነው፤ ቁልቁል የወረደ ሽልሻሎ ጎርፍ ይጠራል። ሁለተኛው፣ ትልሙ ውስጥ በጥቂት እርምጃ ልዩነት አፈር ቆልሎ ማሰር ነው፤ ውሃው እንዳይፈስ ይቆማል፣ ይሰርጋል። ሽልሻሎ ካረፈደ ግን አታበረታቺ። የማሽላው ሥር መካከሉን ከሞላው በኋላ የገባ ማረሻ አረሙን ሳይሆን ማሽላውን ይጎዳል።

እ.ኤ.አ. በ1731 ጄትሮ ተል የሚባል እንግሊዛዊ ሰብልን በመስመር ዘርቶ መካከሉን በፈረስ በሚጎተት መኮትኮቻ ስለማረስ መጽሐፍ አሳትሞ ብዙ አነጋግሮ ነበር። ዛሬም አውሮፓ ውስጥ መድኃኒት የለመደ አረም ስለበዛባቸው ገበሬዎች ወደ ብረት ማረሚያ እየተመለሱ ነው። ይህን የምነግርሽ የወረዳ ስብሰባ ላይ ሽልሻሎን እንደ ኋላ ቀር ነገር የሚያይ ሰው ቢያጋጥምሽ እንዳታፍሪበት ነው።

በመስመር መዝራትን በተመለከተ ሐሳቤን ልንገርሽ። ማሽላ ላይ አጥብቀሽ ምከሪ፤ በመስመርና በመስመር መካከል 75 ሳንቲ ሜትር ሲኖር በሬው ሳይረብሽ ያልፋል፣ የሚኮተኩተውም ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ያገኛል። ጤፍ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር የሚባለው መስመር ለአረም ያመቻል፤ ነገር ግን ዝናቡ ገብቶ መሬቱ ሳይደርቅ መዝራት ያለባትን፣ ብቻዋን ልጆች የያዘችን እናት ለዚያ አታስጨንቂያት። የዘራችው ጤፍ በጊዜ የሚታረምበትን መንገድ አብራችሁ ፈልጉ።

አሁን ወደ አቀንጭራ። ይህንን በደንብ ስሚኝ፤ እዚህ ላይ ነው ባለሙያና ገበሬ የማይግባቡት። አቀንጭራ ዘሯ ከትቢያ አይለይም። አንዲቱ ብቻ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ዘር ትጥላለች፤ ያም ዘር አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ይቆያል። ዝናብ ብቻውን አያበቅላትም። አጠገቧ የማሽላ ሥር ሲመጣና ሥሩ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲነካት ያኔ ትነቃለች። ከዚያ ሥሩ ላይ ተጣብቃ ውሃውንና ምግቡን ትስባለች፤ ወር ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ከመሬት በላይ አትታይም። አንቺ ከላይ የምታዪው ማሽላው ብቻ ነው፤ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ቁመቱ ይቆማል። አንዱን በቀስታ ቆፍረሽ አውጪና ሥሩን በውሃ አጥበሽ እዪው። ከማሽላው ሥር ጋር የተያያዙ ነጣ ያሉ ለስላሳ ቡቃያዎች ታገኛለሽ፤ ሲነኩ ይሰበራሉ። ይህን አንዴ ለገበሬው አሳዪው። ከማንኛውም ሥልጠና ይበልጣል።

እንግዲህ አቀንጭራ ብቅ ስትል ጉዳቱ አብዛኛው ደርሷል። «ንቀሉ፣ ዘንድሮ ምርታችሁ ይጨምራል» ካልሽ ውሸት ይሆንብሻል፤ ይነቅላሉ፣ ምርቱ ያው ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ አያምኑሽም። እውነቱን ንገሪያቸው። አቀንጭራን የሚነቅል ሰው የሚሠራው ለከርሞና ለልጆቹ ነው። ዘንድሮ ዘር ያልጣለች እያንዳንዷ አቀንጭራ ከመሬቱ ላይ የተነሳ ዕዳ ናት። ገበሬ ይህን አይረዳም ብለሽ አትፍሪ። ዘንድሮ ለማይጠቅመው ነገር እርከን ሲሠራ የኖረ ሕዝብ ነው።

ችግሩ ጊዜው ነው። ሐምሌ መጀመሪያ የተዘራ ማሽላ ላይ አቀንጭራ ብቅ የምትለው ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ የምታብበው መስከረም ላይ ነው። ሰው ሁሉ ሁለተኛውን አረም ጨርሶ እፎይ ያለበት፣ ልጃገረዶቹ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ለሻደይ የወጡበት፣ ከዚያ ዘመን መለወጫው፣ ከዚያ መስቀሉ የሚከተልበት ወቅት ነው። መኮትኮቻው ተሰቅሏል። ማሳውን ተመልሶ የሚያይ የለም። ስለዚህ ሥራሽ ቀን ማስያዝ ነው። ከሻደይ በኋላ አንድ ቀን፣ ከመስቀል በፊት አንድ ቀን፣ ከመስቀል በኋላ ደግሞ አንድ ቀን፤ ጎረቤታሞቹ በወንፈል ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ይንቀሉ። አንድ ሰው ብቻውን ማሳውን ቢያጸዳ ከላይ ያለው ጎረቤቱ ካልነቀለ ጎርፉ ዘሩን ያወርድለታል፤ ለዚህ ነው በመንደር መሆን ያለበት።

ብቅ እንዳለች አትጎትቻት፤ ግንዷ ይበጠሳል፣ ከታች ሌላ ትልካለች። ቁመቷ ትንሽ ሲጠና፣ ጫፏ ላይ የመጀመሪያው አበባ ሊከፈት ሲል ከግርጌዋ ይዘሽ ቀስ ብለሽ ሳቢ። አበባዋ ረግፎ ከረጢት ከያዘች ግን ድንበር ላይ መጣል የለም፤ ተነቅላም ዘሯን ታበስላለች። ማዳበሪያ በመጣበት ጆንያ ውስጥ ከትታችሁ ከማሳው ውጪ አቃጥሏት። ለከብትም አትስጧት፤ ዘሯ በከብት ሆድ አልፎ ከፋንድያው ጋር ማሳ ይመለሳል። ፍግ ማሳ ላይ ከመበተኑ በፊት በደንብ ይብላላ የምትሉት ምክር ለዚህም ይጠቅማል። የበሰለ ፍግ ያገኘ አፈር ላይ አቀንጭራ ትቀንሳለች፤ የምትበረታው በደከመ አፈር ላይ ነው።

መንቀል ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካ ውስጥ ካሮላይና ላይ የአቀንጭራ ዘመድ በበቆሎ ማሳ ሲገኝ መንግሥት ማሳዎቹን ከልሎ፣ ዘሩ በቆሎ ሳይኖር በቅሎ እንዲሞት የሚያደርግ ጋዝ አፈር ውስጥ እያስነፋ ለአሥርት ዓመታት ታግሏል። እኛ ያን የሚያህል ገንዘብ የለንም፤ ያንኑ ሥራ በከፊል የሚሠሩ ሰብሎች ግን አሉን። ሰሊጥ፣ ጥጥና የላም አተር አቀንጭራን ያበቅሏታል፤ እሷ ግን ልትጣበቅባቸው ስለማትችል ትሞታለች። በጣም የተበከለውን ማሳ ለይታችሁ በየተራ ወደ እነዚህ አዙሩት። ዘሩንም ጠይቂ። ወሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ላይ በሠሩት ሥራ ጭምር ነው፤ ጎብዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት ዝርያዎች በዚህ መንገድ ወደ አገራችን ገብተዋል። ዘሩን ስለማግኘት የሰቆጣ ደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከልን ወይም ስሪንቃን አነጋግሪ። ለገበሬው ግን አገዳቸው አጭር መሆኑን ደብቀሽ አትስጪ። አገዳ እዚህ መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ የጣሪያ ክዳን ነው፤ ኋላ ሲያየው ይቀየምሻል። የማሳውን አንድ ጥግ በእነሱ ይሞክር። እነሱ ላይ የወጣችም አቀንጭራ ትነቀል።

ስለ መድኃኒት ይጠይቁሻል። ቱ ፎር ዲ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ይገድላል፣ የሣር አረሙን ይተዋል፤ ከመሬት በታች ተጣብቃ ያለችውን አቀንጭራም አይደርስባትም። በነፋስ ተወስዶ ባቄላና ሽምብራ ያቃጥላል። ዋግ የማር አገር ነው፤ ንቦቹ የሚቀስሙት ደግሞ ከዚያው ከማሳው ዳር አበባ ነው። እኔ ብሆን ማሳው ትንሽ፣ ቤተሰቡ ደግሞ እጅ ያለው ከሆነ በእጅ እንዲታረም እመክራለሁ። እጅ የሌለው ቤት ላይ ግን አልፈርድም።

እጅ የሌለው ቤት ብዙ ነው፤ ይህን ሳልነግርሽ አላልፍም። የሰሜኑ ጦርነት በሬውን የወሰደበት፣ ባል የሌለበት፣ ወጣቱ ለሥራ የተሰደደበት ቤት ማሳው ሲታረም የምታዪው ሕፃን ያዘለች እናት ጎንበስ ብላ ስትውል ነው። የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለው እ.ኤ.አ. በ2015 የታወጀው የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 ለማስቀረት ነበር፤ ስሙንም ከሰቆጣ ከተማ ወሰደ። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራ የሚጎድልባቸው ወራት ናቸው፤ እናትየዋ ከጠዋት እስከ ማታ ማሳ ውስጥ ከሆነች ሕፃኑን ማን ያበላዋል? የአረም ምክርሽ ሁሉ በዚህ ጥያቄ በኩል ይለፍ። ወንፈሉን ስታደራጂ የእነዚህ እናቶች ማሳ መጀመሪያ ይግባ፤ በተራቸው ጉልበት መመለስ ለማይችሉትም የመንደሩ ሽማግሌዎች መላ ይፈልጉ። በሬ ያላቸውም ሽልሻሎውን ያድርሱላቸው። ወንዶቹን ደግሞ «አቀንጭራ መንቀል የሴትና የልጅ ሥራ ነው» የሚለውን እንዲተዉ አግባቢያቸው፤ መስከረም ላይ ልጆች ትምህርት ቤት መግባት አለባቸው፣ ሴቷም ደክሟታል። ቤት ውስጥ ያለው መኮትኮቻ አፉ ያለቀ ከሆነ ባለ እጁ ጋ ይሳል፤ ሐምሌ ሳይገባ ይህን ማሳሰብ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ የአንዲትን ሴት ወገብ ግን ያድናል።

ወደ ላይ፣ ጋዝጊብላና ደሃና ስትወጪ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ገብስና ስንዴ ነው፤ አቀንጭራ አታስቸግርሽም፤ እንክርዳድ ግን ያስቸግርሻል። እሱን ማሳ ላይ ለመንቀል ዘለላ እስኪያወጣ ይጠበቃል፤ ከዚያ በፊት ከስንዴው አይለይም። ስለዚህ ትግሉ ዘር ላይ ነው። የሚዘራው እህል በወንፊትና በሰፌድ ይለይ። እንክርዳድ የገባበት ዱቄት ራስ ስለሚያዞር ሴቶቹ ይህን ካንቺ ይልቅ ያውቃሉ፤ ለእንጀራ የሚያበጥሩትን ያህል ለዘርም እንዲያበጥሩ ብቻ አስታውሺ። መንገድ ዳር ቅንጨ አረም ካየሽ በጓንት ወይም እጅሽን በላስቲክ ሸፍነሽ ንቀይው፤ ቆዳ ያሳክካል። አበባ ሳያወጣ ይነቀል።

አሁኑኑ ግን አንድ ደብተር ግዢ። መስከረም ላይ ማሳዎቹን ስትዞሪ አቀንጭራ የበዛባቸውን በገበሬው ስምና በቦታው መጠሪያ መዝግቢ፤ ጥግ ብቻ ይሁን መላው ማሳ፣ የአቀንጭራዋ ዘር ከላይ ካለው ማሳ በጎርፍ የወረደ ይሁን እዚያው የቆየ፣ ጻፊ። ታኅሣሥ ላይ ማሽላው ተወቅቶ ሰው ሲያርፍ ያንን ደብተር ይዘሽ የትኛው ማሳ ለከርሞ ወደ ሰሊጥ እንደሚዞርና ዘሩን ከየትኛው ንጹሕ ማሳ እንደሚመርጡ ከእነሱ ጋር ተቀመጪ። ከተበከለ ማሳ የወጣ ዘር ገበያ ላይ ርካሽ ቢሆንም አይገዛ።